የእንሰት አረቦን

በጎጃምና በጎንደር ጓሮዎች ኮባ አለ። ድፎ ዳቦ ሊጋገር ሲል ቅጠሉ ይቆረጣል፣ ሊጡ ይጠቀለልበታል፤ ከዚያ ወዲያ ተክሉን የሚያስታውሰው የለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግን ወደዚያው አገር መጥቶ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ይህንኑ ተክል በሥዕል አስደግፎ ሲያስተዋውቅ፣ ሰው የሚበላው መሆኑን ጽፎ ነበር። ዛሬ በሰሜን ተክሉ አለ፣ ምግቡ የለም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሰሜኑን ሲያራቁት ኮባው መድን ሆኖ አልታየም። ወደ ደቡብ ወርደን ወልቂጤን አልፈን በሆሳዕና መንገድ ወደ አታት ስንዘልቅ ያው ተክል ሌላ ስምና ሌላ ዕጣ አለው። እንሰት ነው፤ የቤቱ ጀርባ ጎተራ ነው፤ ያለ እርሱ የሰባት ቤት ጉራጌን ታሪክ መጻፍ አይቻልም። የሁለቱ አገር ልዩነት በዛፉ ባሕርይ የመጣ ስላልሆነ አንድ ነገር እንድንጠይቅ ያስገድደናል። እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ እንሰት የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ተክሉን በርዕሱ ላይ «ረሃብን የሚመክት ዛፍ» ብሎታል። ስሙ ተወዳጅ ሆኖ እስከ ዛሬ በየስብሰባው ይደገማል። ሆኖም ዛፍ ብቻውን ረሃብን የማይመክት መሆኑን ኮባ ይመሰክራል። የመከተው ዛፉን ወደ ምግብ የሚለውጠው ሥራ ነው። ያንን ሥራ ሴቶች ሠሩት፤ መሣሪያውን ከመሬት የተገለሉ ባለሙያዎች ቀረጹት፤ የመድኑ ውል ግን በሁለቱም ስም አልተጻፈም። የአየር ንብረት ለውጥን መላመድ ስንት ያስወጣል፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍን በሚባልበት በዚህ ዘመን፣ ወጪውን ለዘመናት ማን ሲሸፍን እንደኖረ ማየቱ ከሒሳቡ መቅደም አለበት።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። የደረሰ እንሰት ከተቆረጠ በኋላ ግንዱ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ተላጦ ይለያያል። ሴቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ንብርብሩን በተጋደመ ጣውላ ላይ ታስደግፋለች፣ ጫፉን በአንድ እግሯ ተረከዝ ትይዘዋለች፣ በሁለት እጇ የያዘችውን የቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትስበዋለች። እርጥቡ ክፍል እየተፋቀ ይወርዳል፣ ቃጫው በእጇ ይቀራል። ሥሩ ማለትም አሚቾው በጥርሳም እንጨት እየተቀጠቀጠ ይከተከታል። ከተፋቀው የሚወጣው ውሃ ተጠራቅሞ ሲረጋ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ይቀራል፤ ያ ቡላ ነው። የቀረው በእርሾ ተለውሶ በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ይቀበራል፣ ድንጋይ ይጫንበታል፣ በየጊዜው ተከፍቶ ይገላበጣል፣ ቅጠሉ ይለወጣል። ከሳምንታት እስከ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ለመብላት ሲፈለግ ደግሞ ተጨምቆ፣ ቃጫው እንዳያስቸግር በቢላ ደጋግሞ ተከትክቶ፣ ተነፍቶ ይጋገራል፤ ይህ ቆጮ ነው። በሰባት ቤት ልማድ ወንዱ ይቆፍራል፣ ችግኙን ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወረ ይተክላል። ፍግ መሸከሙ፣ መፋቁ፣ መቅበሩ፣ መጠበቁና መጋገሩ የሴት ነው። ሴቲቱ ስትፍቅ ወንድ በአጠገቧ ማለፉ እንኳ እንደ ነውር የሚቆጠርባቸው አካባቢዎች አሉ። የትኛው ዝርያ ለቆጮ እንደሚሻል፣ የትኛው በአሚቾው እንደሚወደድ፣ እንደ ጓርየና አስታራ ያሉት ለየትኛው ሕመም እንደሚቀቀሉ ለይቶ የሚያውቀውም በአመዛኙ ይህን ሥራ የሚሠራው እጅ ነው።

የዚህ ሁሉ ኢኮኖሚያዊ ትርጉም ምንድን ነው? እህል የሚዘራ ገበሬ በየዓመቱ ከሰማይ ጋር ይወራረዳል፤ ሰኔና ሐምሌ ከከዱት ዓመቱ ይከዳዋል። እንሰት ግን ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ስለሚወስድ የአንድ ክረምት መቅረት አያጠፋውም፤ የተወሰነ የመቁረጫ ወር ስለሌለውም በቸገረ ጊዜ ይቆረጣል። ጓሮው በተለያየ ዕድሜ ላይ ባሉ ተክሎች የተሞላ በመሆኑ እንደ ቁጠባ ደብተር ነው፣ ጉድጓዱ ደግሞ እጅ ላይ እንዳለ ጥሬ ገንዘብ። ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ኢትዮጵያዊ በዚህ ተክል እንደሚኖር ይነገራል። በዘመናዊ ቋንቋ ይህ የአየር ንብረት መድን ነው፤ ለመድን ደግሞ አረቦን ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲሃ በምትባል መንደር ለ200 አባወራዎች የተጀመረው የዝናብ መድን ዓለምን ያስደነቀው ድሃው ገበሬ አረቦኑን በገንዘብ ፈንታ በጉልበት፣ አፈርና ውሃ በመጠበቅ ሥራ እንዲከፍል በመፍቀዱ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እንደ አዲስ ግኝት መወራቱ ግን ፈገግ ያሰኛል። የጉራጌ ሴት አረቦኗን በጉልበት ስትከፍል ኖራለች። ልዩነቱ የአዲሃው ገበሬ የከፈለበት ሰነድ የተሰጠው መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል፤ የእንሰት አገርም ቢሆን መች ከረሃብ ዳነ? ልክ ነው፣ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። በወላይታና በከምባታ በኩል እርሻው ከመጣበቡ የተነሳ እንሰቱ ሲመናመን፣ ምድሩ ለምልሞ ሳለ ሰው የሚራብበት ክፉ ዘመን ደጋግሞ ታይቷል፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስምም ወጥቶለታል። ይህ ግን ክርክሩን አያፈርሰውም፣ ያጠራዋል እንጂ። ቁጠባ ከተሟጠጠ በአንድ ክረምት አይሞላም። በክፉ ቀን ያልደረሰውን እንሰት ፍቆ የበላ ቤተሰብ የሚቀጥሉትን አራትና አምስት ዓመታት በልቷል። ጓሮውን እንደገና ለመሙላት ፍግ ያስፈልጋል፣ ፍግ ከብት ይፈልጋል፣ ከብት ግጦሽ ይፈልጋል። የጉራጌ መንደር በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የሚዘረጋውን ጀፎረ፣ ያንን ሰፊ ባለ ሣር ጎዳና፣ በሽማግሌዎች ሕግ እያስከበረ ያቆየው ለሠርግና ለለቅሶ ማማር ብቻ አይደለም። ሥርዓቱ የተያያዘ ነው፤ አንዱ ክር ሲበጠስ ቀድማ የምታውቀው ፍጉን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ጓሮ የምታደርሰው ሴት ናት።

ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አረቦኑ ጨመረ። የሸዋ ጦር አገሩን ከያዘና ግብር ከተጣለ በኋላ የጉራጌ ወንድ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ጀመር፤ በቀን ሥራ፣ በሊስትሮ፣ በሱቅ በደረቴ ጀምሮ እስከ መርካቶ ሱቅ ድረስ የዘለቀው ጉዞ ብዙ ተጽፎለታል፣ ብዙ ተዘፍኖለታል። በ1950ዎቹ የከተማው ጉራጌ ገንዘብ አዋጥቶ ወደ አገሩ መንገድ ማስጠረግ መጀመሩም በኢትዮጵያ የራስ አገዝ ልማት ታሪክ ውስጥ የሚያኮራ ምዕራፍ ነው፤ ቡታጅራን ከዋናው ከተማ ጋር ያገናኘው መስመር ሲሠራ የዚያ መዋጮ ድርሻ ቀላል አልነበረም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የማይነገረው ወንዱ ያን ያህል ጊዜ ከአገሩ መራቅ የቻለው ለምን እንደሆነ ነው። የእህል ገበሬ በእርሻና በአጨዳ ወቅት ቤቱ መገኘት ግድ ነው። የእንሰት ገበሬ ግን ተክሎ ሊሄድና በመስቀል ሊመለስ ይችላል፤ በመካከሉ ቤቱን የሚያኖረው የሚስቱ ጉልበት ነውና። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ ከሰባት ቤቶቹ አንዱ በሆነው በቸሃ ተቀምጦ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ሲጠራ ይህ የሥራ ክፍፍል ጎልቶ ይታይ ነበር። የመርካቶ ካፒታል ከየት መጣ ሲባል የሚሰጠው መልስ ትጋት፣ ቁጠባ፣ ዕቁብ የሚል ነው። ሁሉም እውነት ነው። ከተማ የገባው ወጣት አገር ቤት የተዋቸውን ሚስቱንና ልጆቹን ለመቀለብ ደመወዙን ሁሉ መላክ አለመገደዱን፣ ማለትም ቆጮው ለካፒታሉ የከፈለውን ድጎማ፣ ግን አንረሳም ወይ?

ሁለተኛው ሙግት ከዚህ የበረታ ነው። በእንሰት ጓሮ ውስጥ ሴቲቱ ንግሥት አይደለችም ወይ? የትኛው ይቆረጥ የምትለው እሷ፣ የጉድጓዱ አዛዥ እሷ፣ ቡላና ቃጫ ሸጣ ገበያ የምትውል እሷ፤ ባል ሳያስፈቅድ ጉድጓድ መክፈት አይደፍርም። ይህን የሚሉ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ የገጠር ሴትን ሁሉ አቅመ ቢስ አድርጎ ለሚስለው የፕሮጀክት ቋንቋም ጥሩ መልስ ነው። ነገር ግን ማዘዝና ባለቤት መሆን ይለያያሉ። መሬቱ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል፤ ሚስት የምትመጣው ወደ ባል አገር ነው። ከተፋታች ለአሥር ዓመት ፍግ ያፈሰሰችበትን ጓሮና በእጇ የቀበረችውን ጉድጓድ ትታ ትወጣለች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረች የሚነገርላት የቃቄ ውርድወት በሰባት ቤት ሽማግሌዎች ጉባኤ፣ በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የተሟገተችውን በዚህ ዓይን ማንበብ ይቻላል። ባሏ ካልለቀቃት ሴት ሌላ ማግባት አትችልም የሚለውን የአንቂት ልማድ መቃወሟ እንደ ፍቅርና እንደ ክብር ታሪክ ሆኖ ለመድረክ በቅቷል። ከኢኮኖሚ አንጻር ስናየው ግን አንቂት የጉልበት ጉዳይም ነው፤ መድኑ የቆመው በሴቷ እጅ ላይ ከሆነ፣ እጇ ወደ ሌላ ጓሮ እንዳይሻገር መከልከል ለባለ መሬቱ ጥቅም አለው። ውርድወት የነካችው ይህን ሥር ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሸንጎው የተጨነቀውም ለሥነ ምግባር ብቻ እንዳልነበር እጠረጥራለሁ።

ከሴቶቹም በታች ውሉ ላይ ስማቸው የሌለ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ፉጋ የሚለው ቃል ዛሬ እንደ ስድብ ስለሚሰማ እዚህ የምጠቀምበት የታሪክ መዝገብ በዚህ ስም ስለሚያውቃቸው ብቻ ነው። የጉራጌን ቤት ማዕከላዊ ምሰሶ የሚያቆሙት፣ የእንጨት ዕቃውን የሚቀርጹት፣ በሥርዓተ አምልኮ ተፈላጊ የነበሩት እነሱ ነበሩ። ያም ሆኖ ማረስና እንሰት መትከል ክልክላቸው ነበር፤ እጃቸው የነካው መሬት ፍሬ ይነሳል ይባል ነበርና። ቤቱን ያቆመው ሰው ከቤቱ ጀርባ ላለው ጎተራ እርኩስ ሆኖ ተቆጠረ። ለሥራቸው የሚከፈላቸው በአመዛኙ ምግብ ስለነበር፣ በክፉ ዓመት የእነሱ ድርሻ በባለ ጓሮው ቸርነት ላይ ተንጠለጠለ። ከከተማ የመጣው ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ፕላስቲክ ደግሞ ያንኑ ሙያ ሸረሸረው። ዛሬ «ተጋላጭነት» እየተባለ በሠንጠረዥ የሚሰላው ነገር ድሃው ድርቅ ስለደረሰበት ብቻ የሚፈጠር አይደለም፤ ዝናብ ሳይቀር በፊት በሰው ሕግ የተዘጋጀ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ያለ ፆታ ልዩነት መሬት እንዲሰጠው ሲደነግግ ለእነዚህ ሰዎች በሕግ ደረጃ በር ከፍቷል። ደርግን በሌላ በሌላው መውቀስ ይቻላል፤ ይህችን አንቀጽ ግን አልነፍገውም። ለሴቶች የነበረው ውጤት የደከመ ነበር፤ አዋጁ ፆታ አልለይም ቢልም መሬቱ በገበሬ ማኅበር የተመዘገበው በአመዛኙ በአባወራው ስም ነበርና። ከ1997ቱ የፌደራል የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ ይዞታው በባልና ሚስት ስም እንዲመዘገብ መደረጉን ብዙ መቶ ዓመት ዘግይቶ የመጣ የመድን ሰነድ ልንለው እንችላለን።

የአታት ስም በውጭ አገር የሚታወቀው ግን በእንሰት አይደለም፤ በሆስፒታሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች የተከፈተው ይህ ሆስፒታል ምጥ የሚያሰጋቸው ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ከመድረሱ በፊት መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በነበሩት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ ከተመዘገቡት 24,148 ወሊዶች 6,805ቱ በዚህ ማረፊያ ያለፉ እናቶች ነበሩ። በማረፊያው ካለፉት መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 90 ገደማ ሲሆን በቀጥታ ከመጡት መካከል ከ1,300 በላይ ነበር። አኃዙን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ከቤት ምጥ ከጠናባቸው በኋላ በሸክም የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማረፊያው ሥራ አይደለም። ቢሆንም ስለ ርቀትና ስለ ጊዜ የሚነግረን ነገር አለ። አንዲት እናት ከመውለዷ በፊት ለሳምንታት በማረፊያው ለመቆየት ቤቷን መተው አለባት። ማረፊያው ውስጥ ምግብ የምታበስለው ራሷ ወይም ያስከተለቻት ዘመድ ናት፤ ስንቁ የሚመጣው ከቤቷ ነው። ጉድጓዷ ባዶ የሆነ ሴት፣ ወይም የምትፍቅላት እናት፣ እህት ወይም ጎረቤት የሌላት ሴት፣ አልጋው በነጻ ቢሆን እንኳ መቆየት አትችልም። ስለዚህ የሴት ጊዜ ነጻ ነው ብሎ የሚጀምር የኢኮኖሚ ሒሳብ በወሊድም በድርቅም ይሳሳታል። ውሃ ለመቅዳት የሚጨመረው እያንዳንዱ ሰዓት፣ ምንጩ ሲደርቅ የሚረዝመው መንገድ፣ የሚቀነሰው ከዚያው ከፋቂዋ ሰዓት ነው።

የተክሉ በሽታ ታሪክ ደግሞ ይህን ስሌት ከሁሉ ይልቅ ያጋልጠዋል። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ያስመዘገቡት የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚከሰተው በባክቴሪያ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ ተክሉ ይወድቃል። መድኃኒት የለውም። ዋና መተላለፊያው የታመመ ተክል የቆረጠ ቢላ ነው፤ መከላከያውም ቀላል ነው፣ ቢላውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር። ታዲያ ቢላው በማን እጅ ነው? ለቆጮ ስትቆርጥ፣ ለዳቦና ለጉድጓድ ቅጠል ስትቀነጥስ፣ ለከብት ስትሰጥ በየቀኑ ቢላ የምታነሳው ሴቲቱ ናት። የግብርና ሙያተኛው ትምህርቱን የሚሰጠው ግን በስብሰባ ነው፤ ወደ ስብሰባው የሚጠራውም አባወራው ነው። ባል ሰምቶ መጥቶ ለሚስቱ ቢነግራት ደግ፤ ካልነገራት፣ ወይም ራሱ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ትምህርቱ ቢላው ዘንድ አልደረሰም። ሴቶችን ማካተት የፍትሕ ጉዳይ ብቻ ነው፣ ለምርት ምን ይጨምራል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ያልተካተተችው ሴት ባክቴሪያውን ከጓሮ ጓሮ የምታሻግረው ሳታውቅ ነው፤ የሚከስረው ግን መንደሩ ሁሉ ነው።

የመፋቂያና የመጭመቂያ ማሽንስ? አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የተለያዩ ተቋማት እየሠሩ አሳይተዋል፤ ወገብ የሚሰብረውን ሥራ ማቅለሉ በራሱ በቂ ምክንያት ነው፣ ባህል ይጠፋል ብሎ የሚያለቅሰው ሰውም አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ይፋቅ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የእጅ መፋቂያ ርካሽ ስለሆነ የሴቲቱ የራሷ ነበር። ማሽን በብድር ይገዛል፣ ብድር ዋስትና ይፈልጋል፣ ዋስትናው መሬቱ ወይም የቤቱ ሀብት ነው። ቆጮ ለአዲስ አበባ ክትፎ ቤቶች የሚጫን የገበያ ሸቀጥ ሲሆን ገንዘቡ ከጉድጓዱ አዛዥ እጅ ወደ መኪናው ባለቤት ሊሸሽ ይችላል። ከዚህ ጋር ጫትና ባሕር ዛፍ የእንሰቱን ቦታ እየተሻሙ ነው። ለምን ይነቀፋሉ፣ ገበሬው በአጭር ጊዜ ገንዘብ ያገኝባቸው የለም ወይ የሚል ሰው ተሳስቷል አልልም፤ ልጅ የሚያስተምር ገንዘብ በቆጮ አይገኝም። ግን ጫት የሚሸጠው ባል፣ ባሕር ዛፍ የሚሸጠው ባል፣ ክረምቱ ሲከዳ ምን እንብላ የምትባለው ሚስት ከሆነች፣ ትርፉና አደጋው ለሁለት ተከፍለው ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ደርሰዋል። «የቤተሰብ ገቢ አደገ» የሚለው አኃዝ ይህን ስንጥቅ አያሳይም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ብሔራዊ የመላመድ ዕቅድ 18 አማራጮችን ዘርዝራለች፣ ፆታንም ጠቅሳለች። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የወጣ ጥናት ደግሞ እንሰት ዛሬ ከሚበቅልበት ወሰን ወጥቶ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ቢስፋፋ በለውጡ ዘመን ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሕዝብ ሊመግብ እንደሚችል በካርታ አስልቷል። ካርታው የሙቀትና የዝናብ ካርታ ነው። ተክሉ ይበቅልባቸዋል ከተባሉት አገሮች በአንዳንዶቹ የዱሩ እንሰት አሁንም ቆሟል፤ እንደ ጎጃሙ ኮባ፣ የሚፍቀው የለም። ችግኝ በመኪና ይጫናል። እርሾውን፣ የጉድጓዱን ጠባይ፣ የተረከዙን አያያዝ ለማስተማር ግን ከቸሃ፣ ከእዣ፣ ከእነሞር ሴቶች መጓዝ ይኖርባቸዋል፤ ጣውላቸውን የሚቀርጽላቸውም አናጢ አብሯቸው። ያ ቀን ከመጣ በጀቱ ሲዘጋጅ እነዚህ ሰዎች በየትኛው መስመር ይጻፉ ይሆን፣ በባለሙያ ክፍያ ወይስ በተሳታፊ ውሎ አበል?